ካድና ካምን ከቪዲዮ መማር፦ ከአንድ የፍኖተ ሰላም ቶርኖ ቤት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቶርኖ ቤት አለኝ። አብዛኛው ሥራዬ የወፍጮ ዕቃ ነው፤ ሻፍት መቁረጥ፣ የኩሽኔታ መቀመጫ ማስተካከል፣ ፑሊ (ቺንግያ የሚዞርበትን የብረት ጎማ) ማውጣት። ባለ ወፍጮዎቹ ከደምበጫ፣ ከጅጋ፣ ከማንኩሳና ከቡሬ የተሰበረውን ብረት በከረጢት አንጠልጥለው ይመጣሉ። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ዕቃውን ለክቼ፣ ላሜራ ላይ በጠመኔ ጫር ጫር አድርጌ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ነበር የምሄደው። ከዚያ ወዲህ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እስለዋለሁ፤ ካድ የሚባለው ይኸው ነው። ካም ደግሞ ከሥዕሉ ተነስቶ ማሽኑ የሚከተለውን የመቁረጫ ጉዞ ማዘጋጀት ነው። ሁለቱንም ኮሌጅ ገብቼ አልተማርኩም፤ ሰዎች ስክሪናቸውን ቀርጸው የሚያሳዩባቸውን ቪዲዮዎች እያየሁ ነው የለመድኩት።

አሁን ተለማማጆች እየደወሉ «ጋሼ፣ የትኛውን ቪዲዮ እንይ?» ይሉኛል። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ጥያቄ ነበር፤ ስምንት ወርም ፈጀብኝ። ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ አያለሁ፣ ሰውየው የሚያደርገው ሁሉ ይገባኛል፣ ጠዋት ባዶውን ገጽ ስከፍት እጄ የሚይዘው ያጣል። ነገሩ የተቃናው ጥያቄውን ስለውጥ ነው፦ «የትኛውን ዕቃ ልሥራ?» ብዬ ስነሳ።

ዕቃው ይቅደም

ቪዲዮ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ የተሰበረ ዕቃ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡ። ትንሽ ይሁን፤ ግን የእውነት የሆነ፣ ሰው የሚጠብቀው ይሁን። የእኔ የመጀመሪያው ከደምበጫ የመጣ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ የወፍጮ ፑሊ ነበር።

ዕቃውን በካሊፐር ለኩት፤ እያንዳንዱን ልክ በደብተር ላይ በእጅ ከሣላችሁት ቅርጽ አጠገብ ጻፉ። አንዳንዱ ልክ ከዕቃው ሳይሆን አብሮት ከሚሠራው ነገር ይገኛል። ኩሽኔታው ላይ 6205 የሚል ከተጻፈ ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይቀየርም። ቺንግያው የቢ ዓይነት ከሆነ የላይኛው ስፋቱ 17፣ ከፍታው 11 ሚሊ ነው። ሻፍቱ 25 ከሆነ ሻፍቱንና ፑሊውን አብሮ የሚያስረው ትንሽ ብረት፣ ቁልፍ የምንለው፣ ስፋቱ 8 ሚሊ ነው፤ የፑሊው ቀዳዳ ደግሞ ከቁልፉ ቦይ ወለል እስከ ተቃራኒው ግድግዳ ሲለካ 28.3 መምጣት አለበት። ያ አሮጌ ፑሊ ተበልቶ 29 ገደማ ይል ነበር። የተበላውን ልክ ገልብጬ ብሰጠው አዲሱም ፑሊ ቁልፉ ላይ እየተንገጫገጨ ይውል ነበር። ኮምፒውተሩ የሰጣችሁትን ይስላል እንጂ የተበላውን ከጤነኛው አይለይም፤ መለየት የእናንተ ነው።

ልክ ከያዛችሁ በኋላ የምትፈልጉት ቪዲዮ ራሱ ይጠባል። «ካድ ትምህርት» ብላችሁ አትፈልጉም፤ «የቺንግያ ቦይ ያለው ፑሊ አሣሣል» ትላላችሁ። አሥር ደቂቃ የምትሆን ቪዲዮ ትበቃችኋለች።

የቱን ሶፍትዌር?

እኔ በፍሪካድ ነው የምሠራው። ነፃ ነው፣ ያለ ኔት ይሠራል፣ ካዱም ካሙም በአንድ ቤት ነው። ፊውዥንም ለግል ሥራ በነፃ ይገኛል፤ ብዙ ጥሩ ቪዲዮም አለው፤ ነገር ግን የነፃው ፈቃድ በአንድ ጊዜ ሊታረሙ የሚችሉ ፋይሎችን በ10 ይገድባል፣ ኔትም ይፈልጋል። እኛ አካባቢ ኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ፈቃዱ የተሰበረ ፕሮግራም አልመክርም። ሕጋዊ አለመሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በእንዲህ ያለ ፍላሽ በገባ ቫይረስ የሁለት ወር ሥዕል አጥቻለሁ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም። ማውሱ ግን የሚሽከረከር ጎማ ያለው ይሁን፤ በላፕቶፕ መዳሰሻ ለመማር መሞከር በአንድ እጅ ቶርኖ እንደመያዝ ነው። መብራት ስለሚሄድ ደግሞ በቅንብሩ ውስጥ ራሱ የሚያስቀምጥበትን ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት።

ቪዲዮ መምረጥና ማውረድ

መጀመሪያ የወጣበትን ቀን እዩ። ፍሪካድ 1.0 የወጣው በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ የካሙ ክፍል «ፓዝ» ይባላል፣ በአዲሱ «ካም» ተብሏል። ይህን ያላወቀ ልጅ ስክሪኑ ላይ የሌለ ስም ሲፈልግ ግማሽ ቀን ያጠፋል። በድሮዎቹ ቪዲዮዎች ሌላም ነገር ታያላችሁ፦ ሠሪው አዲስ ስኬች (ዕቃው የሚነሳበትን ጠፍጣፋ የመስመር ሥዕል) ሲጀምር በዕቃው ገጽ ላይ ሳይሆን በመነሻዎቹ ሦስት ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ማሳረፍን ይመርጣል። በድሮው ፍሪካድ መጀመሪያ የተሣለው ሲታረም በገጹ ላይ የተለጠፈው ሁሉ ቦታውን ይስት ስለነበር ነው። በ1.0 ችግሩ በጣም ቀንሷል፤ ልማዱን ግን እኔ አልተውኩትም፣ እናንተም አትተዉት።

ሙዚቃ ተጭኖበት በፍጥነት የሚሮጥ ቪዲዮ ለዓይን ያምራል እንጂ አያስተምርም። እኔ የምወደው ሠሪው የሚሳሳትበትን ነው። ተሳስቶ ቀይ መስመር ሲመጣበት ምን እንዳደረገ ማየት ከአሥር የጸዳ ቪዲዮ ይበልጣል፤ እናንተም ማታ ላይ የምትገናኙት ከዚያው ቀይ መስመር ጋር ነውና። ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ሂንዲ መሆኑ አያስፈራችሁ። ምንም ሳይናገሩ ማውሱን ብቻ እያሳዩ የሚሠሩም አሉ፤ እነዚህን ሳያቸው በጎን ቆሞ የሚያሳይ ሙያተኛ ይመስሉኛል።

ለማውረድ የሌሊት ጥቅል ይሻላል። ጥራቱን ግን አትቁረጡ፦ በ360 ያወረድኩት ቪዲዮ ላይ 3ና 8 አይለዩም ነበር። ለካድ ቢያንስ 720 አድርጉት። ወርዶ ያለቀውን በፍላሽ ለጓደኛ ማቀበልም አንድ ነገር ነው፤ እኔና አንድ የቡሬ ብየዳ ሠራተኛ ለዓመታት እንዲህ ስንቀባበል ኖረናል።

አቁሞ መገመት

እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው። ቪዲዮውን መጀመሪያ ማውስ ሳልነካ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። የምጽፈው ቅደም ተከተሉን ነው፣ በራሴ ቋንቋ፦ «ግማሽ ቅርጽ በጎን፣ ማዞር፣ ቀዳዳ፣ የቁልፍ ቦይ፣ ጥግ ማለዘብ»። የትእዛዞቹን ስም ከአማርኛው ጋር አጣምሬ እይዛለሁ። ፓድ ማወፈር ነው፣ ፖኬት መቦርቦር፣ ሪቮሉሽን በዘንግ ዙሪያ ማዞር፣ ፊሌት ጥግን ማክበብ፣ ቻምፈር ጥግን በሰያፍ መቁረጥ። በእጃችን ስንሠራቸው የኖርናቸው ነገሮች ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ነው እንግዳ።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። ሠሪው የሆነ ነገር ሊጫን ማውሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሳይጫን አቆመዋለሁ። ጮክ ብዬ «አሁን ዘንጉን ይመርጣል» እላለሁ። አጫውተዋለሁ። ከገመትኩት ጋር ከገጠመ በራሴ ስክሪን ላይ እሠራና እቀጥላለሁ። ካልገጠመ ወደ ኋላ መልሼ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱንም በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። በቀይ የተጻፉት መስመሮች ናቸው የእኔ ትምህርት። የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ በዚህ አካሄድ ሁለት ሰዓት ይወስዳል።

ዩቲዩብ ላይ በላቲኑ ኬ የሚባለው ፊደል ያቆማል፣ ጄ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ቆሞ ሳለ የኮማና የነጥብ ቁልፎች አንድ አንድ ምስል ወደ ኋላና ወደ ፊት ያራምዳሉ። ማውሱ የትኛዋን ትንሽ ምልክት እንደነካ የምታውቁት በዚህ ነው። የወረደውን በቪኤልሲ ካያችሁ ኢ የሚባለው ፊደል ምስሉን በአንድ በአንድ ያስኬዳል።

አንድ ነገር ቶሎ ተስፋ ያስቆርጣል፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቪዲዮው ላይ ሰውየው ዕቃውን በማውስ ሲያዞረው እሺ ይላል፣ የእናንተ ግን ይሸሻል ወይም ይንሸራተታል። ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። ፍሪካድ የማውስ አያያዝ ስልቶች አሉት፣ ሠሪው የመረጠው ከእናንተ የተለየ ነው። ባዶው ቦታ ላይ የቀኙን ቁልፍ ተጭናችሁ የአያያዝ ስልቱን ከእርሱ ጋር አንድ አድርጉት።

ፑሊውን ስትስሉ ሙሉ ክብ አትጀምሩ። ፑሊውን በዘንጉ ላይ እንደ ሎሚ ለሁለት ሰንጥቃችሁ እዩት፤ የአንዱን ጎን ግማሽ ቅርጽ ብቻ ስሉ፦ የመሐሉ ወገብ፣ የቺንግያው ቦይ፣ ከንፈሩ። ከዚያ በዘንጉ ዙሪያ 360 ዲግሪ አዙሩት። ቶርኖ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል፤ ማሽኑም የሚያደርገው ይኸንኑ ነውና። የቦዩን ጎኖች አንግል 38 ዲግሪ ስጡት፤ ፑሊው ትንሽ ከሆነ 34። ቺንግያ በትንሽ ፑሊ ላይ ሲታጠፍ ጎኑ ስለሚያብጥ ነው የሚጠበው።

ብዙ ቪዲዮዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘለው ያልፋሉ። ስኬቹ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ልክና ገደብ ሊኖረው ይገባል፤ ሁሉም ሲታሰር መስመሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ። ሠሪው ስለቸኮለ በነጭ መስመር ይቀጥላል፣ ዕቃውም ትክክል ይመስላል። ነገ አንዱን ቁጥር ስትነኩት ግን ሁሉም ይናጋል። አረንጓዴ ሳይሆን ከስኬቹ አትውጡ፤ እርሱ ቢወጣም።

መማራችሁን የምታውቁት እንዲህ ነው። በማግስቱ ቪዲዮውን ሳትከፍቱ እንደገና ስሉት፣ ቀጥሎ የሻፍቱን ልክ ከ25 ወደ 30 ቀይሩት። የቁልፉ ቦይ አብሮ ተንቀሳቅሶ ወለሉ ከተቃራኒው ግድግዳ 33.3 ላይ ካረፈ፣ ፑሊው የእናንተ ሆኗል። ቦዩ የድሮ ቦታው ላይ ከቀረ ግን ከቀዳዳው ጋር ሳይሆን ከሌላ ነገር ጋር ነው ያሰራችሁት፤ ተመልሳችሁ ያንን ቋጠሮ ፈልጉ።

ሲኤንሲ ባይኖርም

ብዙዎቻችን ጋ ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ፋይል የሚመራ ማሽን፣ የለም፤ እኔም የለኝም። ሥዕሉ ግን ለተራ ቶርኖ ይበቃል። ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ማሽኑ አጠገብ ስቀሉት። በልኩ አሳትማችሁ ብረት ላይ የምትለጥፉት ከሆነ፣ ከጎኑ የ100 ሚሊ መስመር ስሉበትና ታትሞ ሲወጣ በማስመሪያ ለኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ኮምፒውተር ገጹ ላይ እንዲገባ ብሎ ያሳንሰዋል፤ አንዴ 97 ሆኖ ወጥቶብኛል። ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ ሥዕል ስታነቡ ተጠንቀቁ፦ እነሱ ከላይ የታየውን ከላይ ያስቀምጣሉ፣ በአውሮፓው ሥርዓት ግን ከታች ነው የሚቀመጠው። ቀዳዳው በተሳሳተው ጎን የሚወጣው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ካም ላይ የሰው ቁጥር አትገልብጡ

ካድ ላይ ስሕተት ቢሠራ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ካም ላይ ግን መቁረጫ ይሰበራል፣ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ቪዲዮ የማየት ልማዱ እዚህ ይለወጣል፦ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ፣ ቁጥሩን ተዉ።

የፑሊውን የእንጨት ሞዴል ከዋንዛ ለመሥራት ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ፤ በር የሚቀርጽ ራውተር (በኮምፒውተር ፋይል የሚመራ የእንጨት መቅረጫ) ያለው እንጨት ቤት ነበር። ሞዴሉ አሸዋ ላይ ታትሞ የቀለጠ አሉሚኒየም በቅርጹ የሚፈስበት ስለሆነ ልኩን አስቀድሜ አሳድጌዋለሁ። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ 200 ሚሊ የሚፈለገው 202.6 ሆኖ ይሣላል፣ በቶርኖ የሚላጠው ገጽ ላይ ደግሞ 3 ሚሊ ይጨመራል። ከአሸዋው ሳያፈርስ እንዲወጣም ቀጥ ያለውን ጎን 2 ዲግሪ ሰያፍ አድርጌለታለሁ። ይህን ሁሉ በትክክል ሠርቼ፣ የመቁረጫውን የጉዞ ፍጥነት ግን ቪዲዮ ላይ ካየሁት ገለበጥኩ፦ 40።

ማሽኑ ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋንዛው ጨሰ። ሽታው አሁንም ይመጣብኛል። የመቁረጫው ጫፍ ጠቁሮ፣ እንጨቱም ከሰል ሆኖ አቆምነው። ባለቤቱ ምንም አላለኝም፤ ግን መቁረጫውን ከፍዬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ያችን 40 ነበር። ቤት ደርሼ ቪዲዮውን አቁሜ ሳየው ጥጉ ላይ ኢንች ይላል። 40 ኢንች በደቂቃ ማለት 1016 ሚሊ በደቂቃ ነው። እኔ የሰጠሁት 40 ሚሊ ነበር። በደቂቃ 18,000 ዙር የሚዞር ባለ ሁለት ስለት መቁረጫ በ40 ሚሊ ሲሄድ እያንዳንዱ ስለት የሚይዘው ከአንድ ሚሊ አንድ ሺህኛ ያህል ነው። ያ መቁረጥ አይባልም፣ ማሸት ነው፤ የታሸ እንጨት ደግሞ ይነድዳል።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ራሴ አሰላለሁ። የዙሩ ብዛት የሚገኘው የብረቱን ወይም የእንጨቱን የመቁረጥ ፍጥነት በሜትር ወስዶ፣ በ1000 አባዝቶ፣ በ3.14ና በመቁረጫው ስፋት በማካፈል ነው። ለስላሳ ብረት በተራ የሃይስፒድ መቁረጫ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ይቆረጣል እንበል፤ መቁረጫው 10 ሚሊ ከሆነ 25,000 ለ31.4 ሲካፈል 800 ዙር ገደማ ይሆናል። የጉዞው ፍጥነት ደግሞ ዙሩ፣ በስለቱ ቁጥር፣ አንድ ስለት በሚይዘው ልክ ሲባዛ ነው፦ 800 በ4፣ በ0.05፣ 160 ሚሊ በደቂቃ። ይህችን ስሌት ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፏት።

ፋይሉን ከማዘጋጀታችሁ በፊት የማሽኑን ባለቤት በስልክ ጠይቁት፦ መቆጣጠሪያው ምንድን ነው፣ በሚሊ ነው በኢንች፣ ጠረጴዛው ስንት በስንት ነው፣ ዜሮ ከፍታን የሚይዘው ከእንጨቱ ፊት ነው ከጠረጴዛው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ቪዲዮ ላይ ያለው ሰው ዜሮን ከእንጨቱ ፊት ይዞ፣ የእናንተ ባለ ማሽን ከጠረጴዛው ቢይዝ፣ ፋይሉ ፊቱን ሊጠርግ ነው ብሎ ጠረጴዛውን ይቆፍራል። የመቆጣጠሪያው ዓይነት ደግሞ ፋይሉ በምን አጻጻፍ እንደሚወጣ ይወስናል፤ ሠሪው ግርብል ለሚባለው መቆጣጠሪያ ያወጣውን፣ ማች3 የሚባለው ላለው ማሽን እንዳለ አትውሰዱለት።

የወጣውን ፋይል በተራ ጽሑፍ መክፈቻ ክፈቱና ቢያንስ ጥቂት መስመር አንብቡ። ጂ21 ካለ በሚሊ ነው፣ ጂ20 ካለ በኢንች። ጂ0 ሳይቆርጡ በፍጥነት መሄድ ነው፣ ጂ1 እየቆረጡ በቀጥታ መሄድ፣ ጂ2ና ጂ3 በክብ። ኤም3 መቁረጫውን የሚያዞረውን ስፒንድል ያስነሳል፣ ኤም5 ያቆመዋል። ኤም3 ሳይመጣ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ካያችሁ ፋይሉን መልሱት። ጉዞውን ስክሪን ላይ የሚያሳየው ሲሙሌተሩም ይታይ፣ ግን አትመኑት፤ እንጨቱን የያዘው ማሰሪያ የት እንዳለ አያውቅም። ማሰሪያውን ዞሮ የሚያየው የእናንተ ዓይን ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ በአየር ላይ አስኪዱት። ዜሮውን ከእንጨቱ 30 ሚሊ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ መዳፋችሁን ከቀዩ ማቆሚያ አታንሱ፣ ማሽኑም ባዶውን ይሥራ። በትክክለኛው ቦታ ሲዞር፣ ማሰሪያውን ሳይነካ ሲያልፍ ካያችሁ ዜሮውን ወደ ቦታው መልሱት። መነጽር አድርጉ፣ ነጠላና ረጅም እጅጌ አርቁ። ሁለተኛው ዋንዛ ላይ 1000 ሰጥቼ እንዲህ ነው የጀመርኩት። መቁረጥ ሲጀምር ከመቁረጫው ሥር የሚወጣውን እዩ። እንደ ዱቄት ደቆ፣ ሞቆና ጠቆር ብሎ ከወጣ አቁሙና ስሌቱን እንደገና ሥሩ። በመላጊያ እንደተላገ ቀዝቃዛ ፍቅፋቂ ከወጣ ይቀጥል።